የመጀመሪያዋ ሌሊት፦ ለቀዶ ሕክምና የመንግሥት ሆስፒታል ወይስ የግል?

የአልትራሳውንዱ ውጤት ታይቶ ሐኪሙ «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» ካለ በኋላ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የመንግሥት ሆስፒታል ይሻላል ወይስ የግል? አንዱ «ዋናዎቹ ሐኪሞች ያሉት መንግሥት ቤት ነው» ይላል። ሌላዋ ወረፋውን ታነሣለች፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ሕመሙ እንዳይብስ ትፈራለች። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ የሚደውለው ወንድም «ስለ ገንዘቡ አታስቡ፣ የግል ውሰዷት» ብሎ ክርክሩን ሊዘጋው ይሞክራል። ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። የሚያመዛዝኑት ግን ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው፦ የወረፋውን ርዝመት፣ የአንሶላውን ንጣት፣ የአቀባበሉን ትሕትና፣ የሒሳቡን ወረቀት። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ታካሚዋ በእግሯ ወደ ቤቷ መመለሷን በአብዛኛው የሚወስነው ሆስፒታሉ የማን ንብረት መሆኑ አይደለም። ቁስሏ ተሰፍቶ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ከወጣ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፣ ማን አጠገቧ እንዳለና አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ፈጥኖ እንደሚደርስላት ነው።

ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ84 ሺሕ በላይ ሰዎች መረጃ መረመሩ። ሆስፒታሎቹን በሞት መጠናቸው ሲደረድሯቸው፣ በመጨረሻው ረድፍ ባሉት ከመቶ ታካሚ ወደ ሰባት የሚጠጋ ይሞታል፤ በመጀመሪያው ረድፍ ባሉት ደግሞ የዚህ ግማሽ ያህል። ማንም ሰው ቢጠየቅ ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም፤ ደካማው ሆስፒታል ቁስል ያመረቅዝበታል፣ ደም ይፈስስበታል፣ ስለዚህ ሰው ይሞትበታል ይላል። ቁጥሩ ግን ይህን አላሳየም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጡ ችግሮች በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበሩ፤ በደህናዎቹ 24.6 በመቶ፣ በደካሞቹ 26.9 በመቶ። የሰፋው ልዩነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከባድ ችግር ከገጠማቸው ታካሚዎች መካከል በደካሞቹ ሆስፒታሎች 21.4 በመቶ ሲሞቱ፣ በደህናዎቹ የሞቱት 12.5 በመቶ ብቻ ናቸው። መልካም ሆስፒታል ማለት ችግር የማይደርስበት ማለት አይደለም ማለት ነው፤ ችግሩን ቶሎ አይቶ ታካሚውን ከአፋፍ የሚመልስ ነው።

አሜሪካ ሩቅ ነው፣ የእኛ ይለያል የሚል አንባቢ ልክ ነው፤ የሚለየው ግን ወደ ባሰው በኩል ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ 25 የአፍሪካ አገሮችን፣ 247 ሆስፒታሎችንና ከ11 ሺሕ በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ታካሚዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ፤ በሌላው ዓለም ከሚታከሙት ይልቅ ተደራቢ ሕመም የሌለባቸው። እንዲያም ሆኖ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመሞት ዕድላቸው የዓለምን አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከሞቱት 239 ሰዎች 225ቱ ያረፉት ደግሞ ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቁጥር ሊያስቆጨን ይገባል። ሰዎቹ የሞቱት ቢላዋው ላይ አይደለም። ቤተሰቡ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወጣች» ብሎ ለዘመድ አዝማድ ከደወለ በኋላ፣ አልጋ ላይ ነው።

በዚያ አልጋ ላይ ምን እንደሚሆን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ሆድ ውስጥ በቀስታ የሚደማ ደም ስር ከውጭ አይታይም። ፋሻው ደረቅ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚናገረው የልብ ምት ነው፤ 80 የነበረው 100 ይሆናል፣ ከዚያ 120። ሽንት ይቀንሳል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ታካሚዋ ትቁነጠነጣለች፣ ውኃ ውኃ ትላለች። የደም ግፊቷ ጎልቶ የሚወርደው ሰውነቷ ያለውን አቅም ሁሉ ከተጠቀመ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱን ብቻ ጠብቆ የሚነቃ ሰው ዘግይቷል። የተሰፋ አንጀት ሲያፈስም እንዲሁ ነው፤ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ትኩሳት፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የሆድ መወጠር እያለ ይመጣል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ታካሚዋን የሚያተርፋት ስለዚህ አንድ ሰው አይደለም። የልብ ምቷን ቆጥራ መጻፍ የምትችልበት ጊዜ ያላት ነርስ ትፈልጋለች። ሲጠራ የሚነሣና የሚወስን ተረኛ ሐኪም፣ የሚሠራ ላቦራቶሪ፣ ከደም ባንክ መጥቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ደም፣ ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ፣ ዳግም ሊከፈት የሚችል ቀዶ ሕክምና ክፍል ትፈልጋለች፤ ከሁሉም በኋላ ደግሞ የጽኑ ሕሙማን አልጋ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ መኖር ብዙም አይረዳትም።

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች በዚህች ሌሊት ዓይን እንያቸው። ትልልቆቹ የመንግሥት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች፣ እነ ጥቁር አንበሳ፣ እነ ቅዱስ ጳውሎስ፣ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ አንድ ሀብት አላቸው፤ ተረኛ ሬዚደንቶች፣ ማለትም በአንድ ዘርፍ የሚሠለጥኑ ሐኪሞች። የልብ፣ የኩላሊት፣ የሳንባ ስፔሻሊስት የሚያስፈልግ እንደሆነ በዚያው ግቢ ሊገኝ ይችላል። የሚጎድላቸውም የታወቀ ነው፤ አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ ትሮጣለች፣ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ያንሳል፣ መድኃኒቱን አስታማሚው ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ እንዲያመጣ ይላካል፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ሁልጊዜ የተያዘ ነው። በግል ሆስፒታል በአንጻሩ የታካሚዋ ክፍል ንጹሕ ነው፣ ደወል ስትነካ ሰው ይመጣል። የሚመጣው ግን ማን ነው? ብዙ ቦታ የሌሊቱ ተረኛ ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፣ በስልክ ነው የሚገኘው። እዚህ ላይ የተለመደው መከራከሪያ ይነሣል፦ «ሐኪሙ እኮ ያው ነው፤ ጠዋት መንግሥት ቤት፣ ማታ የግል ይሠራል፤ ታዲያ ለምን በምቾት አልታከምም?» እውነት ነው፣ እጁ ያው ነው። ከእጁ በስተጀርባ የሚቆሙት ሰዎች ግን አብረውት አይዘዋወሩም። ሐኪሙን ብቻ መርጦ ቦታውን አለመመርመር የነገሩን ግማሽ ማየት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቀዶ ሕክምናው ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው፤ ሁሉም ሌሊት እኩል አያስፈራምና። የ2.5 ሚሊዮን ገደማ የአሜሪካ አረጋውያን ታካሚዎችን መረጃ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ሆስፒታሎች አንድን ቀዶ ሕክምና በብዛት መሥራታቸው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለክቷል። የቆሽት ቀዶ ሕክምና እጅግ ጥቂት በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች 16.3 በመቶ ታካሚዎች ሲሞቱ፣ እጅግ ብዙ በሚሠራባቸው 3.8 በመቶ ብቻ ሞተዋል። ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን የአንገት ደም ስር በማጽዳት ግን ልዩነቱ 1.7 እና 1.5 በመቶ ነው፤ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። የዓይን ሞራ መግፈፍ፣ ያልታነቀ ቡአ፣ ያልተወሳሰበ የሐሞት ጠጠር፣ ሌላ ሕመም በሌለበት ሰው ላይ ከሆነ፣ አስተማማኝ በሆነ የግል ተቋም መሥራት ምክንያታዊ ነው፤ የሚገዛው ጊዜና ምቾት ነው፣ የሚታጣው ጥቂት ነው። የጉሮሮ ቱቦ፣ የቆሽት፣ የጉበት፣ የአንጎል ዕጢ ሲሆን ግን ሥራው የሚዘወተርበትን ቦታ መፈለግ ግድ ነው፤ በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ታካሚ በብዛት የሚከማቸው በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ፣ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ መጀመሩ ለዚህ አንድ ምስክር ነው።

«በማስተማሪያ ሆስፒታል ግን ተማሪ ይለማመድብኛል» የሚለው ፍርሃት ከልብ የሚመጣ ነውና በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። ሬዚደንት ተማሪ የሚለው ቃል እንደሚያስመስለው ጀማሪ አይደለም፤ ሕክምናን ጨርሶ የተመረቀ፣ አሁን በአንድ ዘርፍ የሚሠለጥን ሐኪም ነው። መጠየቅ ያለበት ሬዚደንት ይኖራል ወይ ተብሎ ሳይሆን ሲኒየሩ፣ ማለትም የሚያሠለጥነው ስፔሻሊስት፣ አብሮት ክፍሉ ውስጥ ይገባል ወይ ተብሎ ነው። ሲኒየር በሌለበት የሚሠራ ከባድ ቀዶ ሕክምና ካለ ያ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ መሸፋፈንም አይገባም። ነገር ግን ይህን ፍርሃት ተቀብሎ ወደ ግል የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በግል ሆስፒታል የሚያገኘው ስፔሻሊስትም ሥራውን የተማረው በእነዚሁ የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ የድኻው ታካሚ አልጋ አጠገብ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የወረፋው ነው። ሌሊቱ ቢያምርም የሌሊቱ ቀን ካልመጣ ምን ይጠቅማል? ይህን ለማቃለል አልፈልግም። በትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ድንገተኛ ላልሆነ ቀዶ ሕክምና ወራት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ቀኑ ደርሶ፣ ታካሚው ጾሞ አድሮ፣ አልጋ ጠፍቶ ወይም ድንገተኛ ታካሚ ቀድሞት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜም አለ። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የመንግሥትንና የግልን ሕክምና ያነጻጸረ፣ 102 ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ ነበር። የግሉ ዘርፍ በሕክምና ውጤቱም ሆነ በቅልጥፍናው ይበልጣል የሚለውን ማስረጃው አልደገፈለትም። የመንግሥቱ ደካማ ጎን ሆኖ የታየው ግን በጊዜ አለመድረሱና ለታካሚው ያለው አቀባበል ነበር። ማንም በሰልፍ የቆመ ሰው የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ወረፋን በሚመለከት ፍርዱ በሕመሙ ጠባይ ላይ ይመሠረታል። የማያስጨንቅ እንቅርት ስድስት ወር ቢቆይ ብዙ ጊዜ ያው ነው። የጡት ካንሰር ስድስት ወር ቢቆይ ሌላ በሽታ ነው። ካንሰር ይዞት የወረፋው ቀን የራቀበት ሰው፣ አቅሙ ካለው፣ ጊዜን በገንዘብ ቢገዛ ልክ ነው፤ ለዚህ ሲሉ በሬና መሬት የሚሸጡ ቤተሰቦችን ማንም አይወቅሳቸውም፤ መሸጥ እንዲያስፈልጋቸው መሆኑ ግን ያሳዝናል። በሁለቱ መካከል አንድ መንገድ እንዳለም ብዙ ሰው አያውቅም፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች ግቢ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ በክፍያ የሚሠራው፣ ፕራይቬት ዊንግ የሚባለው የግል ክፍል ነው። ክፍያው ከውጭ የግል ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ የሌሊቱ ተረኛ፣ ደሙና የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ግን እዚያው ግቢ ናቸው። ከፋዩ መደበኛውን ወረፋ ያዘገየዋል ወይ የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆስፒታሉ ሰዓቱንና ክፍሉን በጥብቅ ካልለየ ማዘግየቱ አይቀርም።

ገንዘብ ሲገባ ደግሞ ሌላ መጠየቅ ያለበት ነገር ይመጣል፤ ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያውኑ ያስፈልጋል ወይ? በየቀዶ ሕክምናው የሚከፈለው ተቋም ለመቅደድ የሚገፋፋው ነገር አለው፤ በደመወዝ የሚኖር የተጨናነቀ ክፍል ደግሞ ለማዘግየት። ይህን የምለው ሐኪሞችን ለማማት አይደለም፣ ማንም ሰው በሚከፈልበት መንገድ ይገፋልና። በምጥ ጊዜ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነገሩን ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገለጸው፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የሚወለደው ከ10 በመቶ ካለፈ በኋላ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ሞት በዚያ ምክንያት ሲቀንስ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱ መጠን 2 በመቶ ገደማ ሲሆን የአዲስ አበባ 21 በመቶ ነበር። በገጠር እናቶች ባለማግኘት ይሞታሉ፣ በከተማ ደግሞ ከሚያስፈልጋቸው በላይ የሚቀደዱ አሉ። ከምጥ ውጭ ላለው፣ ድንገተኛ ላልሆነው ቀዶ ሕክምና ሁሉ በገንዘቡ የማይጠቀም ሁለተኛ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ፣ የአንድ ካርድ ዋጋ ቢያስወጣም፣ ከሁሉ የረከሰ ጥንቃቄ ነው።

ዋጋውም ራሱ እንደሚመስለው አይደለም። ላንሴት ያቋቋመው የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት፣ በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ሰዎች ለቀዶ ሕክምና በሚከፍሉት ገንዘብ ለከፋ ኪሳራ ይዳረጋሉ፤ ሌሎች 48 ሚሊዮን ደግሞ ከሕክምናው ውጭ ባለው ወጪ፣ በትራንስፖርት፣ በማደሪያ፣ በምግብ። ከወሎ ገጠር ለመጣ ታካሚ የመንግሥቱ አልጋ ርካሽ ነው፤ ሁለት አስታማሚዎች አዲስ አበባ ተከራይተው የቀጠሮ ቀን የሚጠብቁበት ወር ግን ርካሽ አይደለም። በግል በኩል ደግሞ ወጪው የሚነገረው ሁሉ በሰላም ካለቀ ብቻ በሚሆነው ልክ ነው። ችግር ሲመጣ፣ ዳግም ሲከፈት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በቀን ሲቆጠር፣ ሒሳቡ ጣሪያ የለውም፤ ቤተሰብ የተጨማሪ ማስያዣ ገንዘብ ሲፈልግ የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ ቀደም ብዬ የገለጽኳት የልብ ምት የምትፈጥንበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በግል ለመታከም ያለው ገንዘብ ለቀዶ ሕክምናው ብቻ የሚበቃ ከሆነ አልበቃም ማለት ነው። በ13 ወረዳዎች በሙከራ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ ለብዙ ገበሬ ቤተሰብ ከለላ ሆኗል፤ ካርዱ በዋናነት የሚሠራው ግን በመንግሥት ተቋማትና በሪፈር ሰንሰለት ነው። የመድን ካርድ ይዞ ሪፈሩን ዘሎ ወደ ግል መሄድ የከፈሉለትን ጥሎ መሄድ ነው።

እንግዲህ ለመምረጥ ዕድል ያለው ሰው ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ የሚገባው ስለ ሌሊቷ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌሊት ላይ ያለው ተረኛ ማን ነው፣ የሙያ ደረጃውስ? ደም ተዘጋጅቷል? ይህን ቀዶ ሕክምና ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ሠራችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ትጠቀማላችሁ? ይህ ባለ 19 ነጥብ ወረቀት ከሲያትልና ከለንደን እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ በስምንት ከተሞች ሲሞከር ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። በኋላ በካናዳ ኦንታሪዮ በግዴታ ሲታወጅ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና በእውነት ቆም ብሎ መነጋገር አንድ አይደሉምና። ቢሆንም ስለ ዝርዝሩ ሲጠየቁ ምን እንደሆነ ከማያውቁ ሰዎች ይልቅ «አዎ፣ ነርሷ ጮክ ብላ ታነበዋለች» የሚሉት ይሻላሉ። እነዚህ ጥያቄዎች ነውር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ሐኪም መጠየቅ መድፈር ነው ተብሎ ያደግን ነንና። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም አይቆጣባቸውም።

መጠየቅ ያስፈለገውም ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የልብ ቀዶ ሕክምና የሞት መጠንን በየሆስፒታሉና በየሐኪሙ ለሕዝብ ያሳትማል፤ ሐኪሞች የጠና ታካሚን እንዲሸሹ ያደርጋል የሚል ትችትም ይቀርብበታል። እኛ ዘንድ ግን መንግሥትም ግልም ውጤቱን እንዲያ አደባባይ አያወጣምና ቤተሰብ በወሬና በሕንፃ መስታወት ይመርጣል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለመጨረሻ ያቆየሁት ለግል ተቋማት የሚቀርበውን ነው፦ የራሳችሁ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሌላችሁ፣ ሌሊት ብትደክምባችሁ ወዴት ትልኳታላችሁ? መልሱ የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ስም ከሆነ፣ አሁኑኑ መታወቅ ያለበት እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ አልጋ መገኘቱ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው ወንድም የላከው ገንዘብም ከዚያች ሰዓት በኋላ ሌላ አልጋ ሊገዛላት አይችልም።